ዋና እችላለሁ ብዬ ነበር

ውሸቱ ሲጀመር ትንሽ ነበር። ሴት ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። ገንዳ ውስጥ አስቀምጬ ፀጉሯን ሳጥባት ውሃው ፊቷ ላይ ወረደና አለቀሰች። ለቅሶዋን ለማስቆም ብዬ፣ «አባትሽ እኮ እንዳንቺ ውሃ አይፈራም። ልጅ ሆኜ ቢሾፍቱ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ዋኝቼ ተሻግሬዋለሁ» አልኳት። ወዲያው ዝም አለች። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና «አዞ የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቢኖረውስ!» አልኳት።

እውነቱ ሌላ ነው። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። ቢሾፍቱን ያየሁት አንድ ጊዜ፣ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ከትምህርት ቤት ጋር ሄደን ነው። ጓደኞቼ ልብሳቸውን እያወላለቁ ውሃው ውስጥ ሲገቡ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልብሳቸውን ስጠብቅ ዋልኩ። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ውሃ አልነካኝም።

ልጅቷ ግን ታሪኩን ወደደችው። ልትተኛ ስትል «የሐይቁን ንገረኝ» ትለኛለች። እኔም በነገርኳት ቁጥር ጨመር አደርግበታለሁ። አንዴ ነፋስ አመጣሁ፤ አንዴ ደግሞ የእግሩ ጡንቻ የተኮማተረበትን ጓደኛዬን በጀርባዬ አዝዬ አሻገርኩ። ወንድሟ ከፍ ብሎ ነገር መስማት ሲጀምር ደግሞ እሷው ትነግረው ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በገዛ ቤቴ ዋናተኛ ሆኜ አረፍኩት።

ባለቤቴ ያደገችው ሐዋሳ ነው፣ ሐይቁ አጠገብ። ይህን ሁልጊዜም አውቃለሁ። ከተጋባን አሥር ዓመት ሆኖናል፤ አንድም ቀን ግን «አንቺስ ትዋኛለሽ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ ለልጆቹ ሳወራ እሷ ልብስ እያጠፈች ትሰማኛለች። ታምነኝ ነበር። ለምን አታምነኝም?

የምንኖረው ውጭ አገር፣ ሬንተን የምትባል ከተማ ነው። እኔ ኦበርን አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ እሷ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። የሥራ ሺፍታችን ስለማይገጥም አብዛኛውን ጊዜ የምንገናኘው በር ላይ፣ አንዳችን ስንገባ አንዳችን ስንወጣ ነው። ባለፈው ሰመር ግን እንደ ተአምር የሁለታችንም እረፍት በአንድ ሳምንት ዋለልን። ልጆቹ ከአልካይ ዳርቻ በቀር ባሕር አያውቁም። አልካይ ደግሞ ውሃው ጸጥ ያለ፣ መርከቡ ከሩቅ የሚያልፍበት፣ ለልጅ የማያስፈራ ነው። ትልቁን ውቅያኖስ እናሳያቸው ተባባልን።

አብረውን የሄዱት ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱና ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምንላቸው። ሌክ ሲቲ ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው አድገው ርቀው ሄደዋል፤ የእኛዎቹን እንደ ልጅ ልጆቻቸው ነው የሚያዩዋቸው። ስድስታችን ባሕሩ ዳር ያለች አንዲት የእንጨት ቤት ለሦስት ቀን ተከራየን።

ውቅያኖሱ እንደ አልካይ አልነበረም። እዚህ አገር የሙቀት ወር የሆነው ሐምሌ ሆኖ ሳለ ነፋሱ ጃኬት ያስለብሳል። አሸዋው ሰፊና ጠንካራ ስለሆነ መኪና እስከ ውስጥ ድረስ ይነዳበታል። ድምፁ አያቋርጥም፤ ቤት ገብተህ በር ዘግተህም ይከተልሃል። ወንዱ ልጄ፣ ያኔ አምስት ዓመቱ፣ ከመኪናው እንደወረደ ቢጫ ባልዲውን ይዞ ቆመና «ሁ ኢዝ ዱዊንግ ዛት?» አለኝ። ድምፁን የሚያሰማው ማን ነው ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የደስታ ቀን ነበር። ይህን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በኋላ የሆነው ነገር ያንንም ቀን እንዳያበላሽብኝ እፈልጋለሁ። ቤተ መንግሥት ሠራን፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን። ጋሼ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ በልጁ አካፋ ሲቆፍሩ ዋሉ። እትዬ ከልጅቷ ጋር በክር ወደ ሰማይ የሚለቀቅ ካይት አስነሱ፤ ካይቱ ሲወድቅ እሳቸው ይጮኻሉ፣ ልጅቷ ትስቃለች። ልጆቹ እኔን እስከ አንገቴ ድረስ አሸዋ ውስጥ ቀበሩኝና ባለቤቴ ፎቶ አነሳችን። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ያን ዕለት እራት ላይ ጋሼ ውሃው ይዋኝበታል ወይ ብለው ጠየቁ። ልጄ ከአፋቸው ቀበል አድርጋ የሐይቁን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ነገረቻቸው፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። በጀርባዬ ያዘልኩት ጓደኛዬ ላይ ስትደርስ ተነስታ ቆማ በእጇ እያሳየች ነው።

«እንዲህ ነህ እንዴ!» አሉ ጋሼ። «አንድም ቀን አልነገርከንም።»

«ኧረ ጋሼ፣ የልጅነት ነገር ነው» አልኩ።

ያን ጊዜ «ውሸቴን ነው፣ ለልጅቷ ያወራሁት ተረት ነው» ብል ኖሮ ሁላችንም ስቀን ባለፍነው ነበር። እኔ ግን ትሑት ሰው መስዬ አቀረቀርኩ፤ ይህም ውሸቱን አጠነከረው። ባለቤቴም «እኔማ እሱ ካለ ልጆቹ ውሃ ዳር ሲሆኑ ሐሳብ የለኝም» አለች፣ እንጀራ እያጎረሰችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ እስኪገለጥ ቤት ቆየን። ከረፋዱ በኋላ ስንወጣ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ትናንት ውሃ የነበረበት ሁሉ እርጥብ አሸዋ ሆኗል። ራቅ ብሎ አንድ የአሸዋ ጉብታ ብቅ ብሏል፤ በእኛና በጉብታው መካከል ገባ ያለ ቦታ አለ፤ ውሃው ለልጁ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቢደርስ ነው። ጉብታው ላይ ክብ ነጭ የባሕር ቅርፊቶች ነበሩ፤ ላያቸው ላይ የአበባ ቅርጽ የተሳለ የሚመስል። ልጆቹ እየተሻገሩ ይለቅማሉ፣ እየተመለሱ ያሳዩኛል።

ጋሼና እትዬ ሻይ ሊያመጡ ወደ ቤት ሄዱ። ባለቤቴ ምሳ ልታዘጋጅ መኪናው ወዳለበት፣ መቶ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ተመለሰች። ስትሄድ ዞር ብላ «አለህ አይደል?» አለችኝ።

«አለሁ፣ ሂጂ» አልኳት።

ልጅቷ የሰበሰበችውን አሸዋው ላይ ትደረድራለች፤ እኔ በስልኬ ቪዲዮ እቀርጻታለሁ። አንድ በአንድ እየቆጠረች፣ ስም እያወጣችላቸው ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ብዙ አይመስለኝም። ባሕር ግን የሸሸውን ያህል ተመልሶ እንደሚመጣ አላሰብኩም።

«ዳዲ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ስል ልጄ ጉብታው ላይ ቆሟል፣ ባልዲው በእጁ። በእሱና በእኔ መካከል ያለው ውሃ ግን ቅድም ያየሁት ውሃ አይደለም። ሰፍቷል፣ ጠቁሯል፣ ከጎን በኩል እየገፋ ይገባል። ልጁ አልፈራም ነበር። ምን ላድርግ ብሎ ነው የጠራኝ።

እኔም «ና! ምንም አይደለም፣ ና!» አልኩት።

ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኔ ወደ እሱ መሄድ ስላልቻልኩ ነው። እሱ ከመጣ እኔ አልሄድም። የአምስት ዓመት ልጅ ና ብዬ ወደ ውሃ ጠራሁት፤ እሱም አባቱ ስለጠራው መጣ።

መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ወገቡ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ውሃው ደረቱን አለፈውና ከጎን የመጣ ማዕበል ገፍቶ ጣለው። ባልዲው ተንሳፈፈ። ራሱ አንዴ ታየኝ፣ አንዴ ጠፋኝ።

ገባሁ። አልገባሁም አይባልም። ጉልበቴ ድረስ፣ ጭኔ ድረስ፣ ወገቤ ድረስ። ብርዱ ትንፋሼን ቆረጠው። ከእግሬ ሥር አሸዋው ሲሸሽ ተሰማኝ፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ቆምኩ። ልጄ ከእኔ ስምንት እርምጃ ቢርቅ ነው። እጄን ዘረጋሁ። ጮኽኩ። እግሬ ግን አልታዘዘኝም። ከኋላዬ ልጅቷ «ዳዲ ዋኝ! ስዊም! ስዊም!» እያለች ስትጮኽ እሰማታለሁ። እኔ ስምንት እርምጃውን እያየሁ ቆሜያለሁ።

ባለቤቴ በጎኔ ስታልፍ አላየኋትም፤ የተረጨው ውሃ ነው የነካኝ። ከነልብሷ፣ ከነሻርፗ ነው የገባችው። ወደ ፊት ተወረወረችና መዋኘት ጀመረች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እጇን እየቀዘፈች፣ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ እንደሚዋኘው። የልጁን ጃኬት ቆብ ያዘች። ደረቷ ላይ አደረገችውና በጀርባዋ እየዋኘች ተመለሰች። እኔ ወዳለሁበት ስትደርስ ቆማ ልትራመድ ብላ ተንገዳገደች። ያኔ እጄን ዘርግቼ ልጁን ተቀበልኳት። እሱን ለመቀበል አልፈራሁም።

ተሸክሜው ወደ ዳር ወጣሁ። የጠጣውን ውሃ አስመለሰና አለቀሰ። እንደዚያ ቀን ለቅሶ ሰምቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጋሼ ቴርሞሱን ጥለው እየሮጡ የደረሱት ልክ በዚያች ሰዓት ነው። ያዩት ነገር ይህ ነው፦ እኔ ልጄን ታቅፌ ከውሃው ስወጣ፤ ባለቤቴ ከኋላዬ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ተንበርክካ ስትስል።

«አወጣኸው!» አሉ። «ተመስገን ጌታዬ! አወጣኸው!» እኔንም ልጁንም አንድ ላይ አቅፈው አለቀሱ።

አፌን ከፈትኩ። ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር፤ ለራሴ ስል የያዝኩት ሰበብ ይህ ነው። መናገር አቅቶኝ ነው አልኩ። አቅቶኝ ግን አልነበረም። ጋሼ ዞር ብለው ልጅቷን አዩና «አባትሽ ነው አይደል ያወጣው?» አሏት።

ሁሉን አይታለች። እኔን አየችኝ። እናቷን አየች። እንደገና እኔን አየችኝ።

«የስ» አለች። ቀጥላም በአማርኛ፣ «አዎ። ዳዲ ጎበዝ ዋናተኛ ነው።»

እትዬ ባለቤቴን በብርድ ልብስ ጠቀለሏት። እየጠቀለሏትም ይቆጧታል፤ «አንቺ ደግሞ ምን ልሁን ብለሽ ገባሽ? እሱ እያለ! አንቺንም ሊያወጣ ነበር እኮ!» ባለቤቴ አልመለሰችላቸውም። ዓይኗ እኔ ላይ እንደሆነ ይሰማኛል። የልጁን እግር በመዳፌ አሻሸዋለሁ፤ ቀና አላልኩም።

በአጠገባችን ስታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ደውላ ኖሮ አምቡላንስ መጣ። ሠራተኞቹ ደረቱን አዳመጡ፣ ጣቱ ላይ መለኪያ አደረጉለት፣ ደህና ነው አሉን። ከእነሱ አንዱ ማን ነው ያወጣው ብሎ ሲጠይቅ ጋሼ በእንግሊዝኛ «አባቱ ነው» አሉ። ሰውየው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያም አንድ ዕድል ነበር። አለፈኝ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል እርጥብ ልብሳችንን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ለመክተት ወደ ጓዳ ገባሁ። ባለቤቴ እዚያ ነበረች። በሩን ዘጋችው።

«አትችልም አይደል?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኩ። እንዲህ ብዬ መጠየቄ ራሱ ዛሬም ያሸማቅቀኛል።

«ዋና።»

«አልችልም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ማሽኑ ውስጥ የልጁን ጃኬት ከተተች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ብትጮኽ ነበር የሚሻለኝ። «አለመቻልህ አይደለም» አለች። «ስንቱ ሰው ነው የማይችለው! ብትነግረኝ ኖሮ ግን ትቼው አልሄድም ነበር። ይገባሃል? ዳቦ ልቆርጥ ብዬ ልጄን ውሃ ዳር ጥዬ የሄድኩት አንተ ትችላለህ ብዬ ነው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያፈርኩት በፍርሃቴ ነበር። ወንድ ሆኜ፣ አባት ሆኜ ቆሜ በማየቴ። እሷ ስትነግረኝ ነው የገባኝ፤ ፍርሃት ሰው ላይ ይመጣል፣ ማንም ላይ። ልጄን ለአደጋ የሰጠው ግን ፍርሃቴ አይደለም። ለልጅ ማባበያ ብዬ የጀመርኩት ያ ተረት ነው።

«ደግሞ ና ብለኸዋል» አለች። «ልጅቷ ነገረችኝ።»

የማሽኑን በር ዘግቼ፣ «ለጋሼ ልንገራቸው?» አልኳት።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።

አልነገርኳቸውም። እራት ላይ ጋሼ ረጅም የምስጋና ጸሎት ጸለዩ፤ በጸሎቱ ውስጥ ክንዴ ተመሰገነ። ልጅቷ ከወትሮው በተለየ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። በማግስቱ ሻንጣችንን ጭነን ወደ ሬንተን ተመለስን። ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ልጁ ብቻ ነው ያወራው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ከመዝሙሩ በኋላ መጋቢያችን «ጌታ የሠራለትን የሚመሰክር ወንድም አለን» ብለው ወደ እኔ አዩ። ጋሼ ከፊት ወንበር ዞረው በፈገግታ ነቀነቁልኝ። ማይክሮፎኑ እጄ ገባ።

ይህ እንደሚመጣ ስለጠረጠርኩ ዓረፍተ ነገሩን መኪና ውስጥ ስመላለስበት ነው የመጣሁት። «ውሃው ልጄን ወሰደብኝ። ልጄ ግን ወጣ። ተረፈልኝ። ክብር ለጌታ ይሁን» አልኩ። አንድም የውሸት ቃል የለበትም። አማርኛችን ለዚህ ይመቻል፤ ወጣ፣ ተረፈ፣ ተገኘ ብለህ የግሱን ባለቤት መደበቅ ትችላለህ። እኔም ባለቤቱን ደበቅሁ፤ ባለቤቴን። እሷ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። አዳራሹ በሃሌሉያና በእልልታ ተናወጠ። የልጆቹ ክፍል ተበትኖ ልጆቹ በጎን በር ሲገቡ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጠኝ እንደነበረ አየሁ።

ቤታችን ደርሰን መኪናውን ፓርክ አድርጌ፣ ባለቤቴና ወንዱ ልጅ ቀድመው ወጥተው ወደ ደረጃው ሲሄዱ፣ ልጅቷ ቀበቶዋን ሳትፈታ ቀረች።

«ዳዲ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ «የማሚን ስም አልጠራህም።»

«ጌታ ነው ያዳነው ነው ያልኩት» አልኳት።

«ግን ሁሉም አንተ ነህ ብለው ነው የሚያስቡት።»

ቁልፉን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «እኔ ጋሼን የዋሸኋቸው እንዳይስቁብህ ብዬ ነው» አለች። «አንተ ለምንድን ነው የዋሸኸው?»

ስምንት ዓመቷ ነው። ልጄ በሕይወቷ ለእኔ ብላ የተሸከመችው የመጀመሪያ ሸክም ውሸቴ ሆነ። ቁልፉን ነቅዬ ቁጭ አልኩ። «እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው፤ እንዳንቺው» አልኳት። እሷም አሰብ አድርጋ፣ «አንተ እኮ ትልቅ ሰው ነህ» አለች።

ማክሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ሌክ ሲቲ ሄድኩ። ጋሼ በሩን ሲከፍቱልኝ ደስ አላቸው፤ እትዬ ሻይ ሊያፈሉ ወጥ ቤት ገቡ። ቁጭ ሳልል ነው የጀመርኩት፤ ቁጭ ካልኩ እንደማልናገር አውቃለሁ። የሐይቁ ተረት፣ ቪዲዮው፣ ና ማለቴ፣ ወገቤ ድረስ ገብቼ መቆሜ፣ ልጁን ከእሷ እጅ መቀበሌ። ሁሉን ነገርኳቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ።

«እኔም እኮ ዋና አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ብገባ እንዳንተው ነበር የምቆመው። ግን እችላለሁ ብዬ አላውቅም።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በጉባኤ ፊት የተናገርከውን በጉባኤ ፊት ነው የምታርመው። እኔም አብሬህ እቆማለሁ፤ ወሬውን ያዳረስኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ የወጥ ቤቱ በር ላይ ትሪ እንደያዙ ቆመው ሰምተውናል። «ወይኔ! እኔ እኮ ተቆጣኋት» አሉ። ትሪውን አስቀምጠው ወዲያው ስልካቸውን አነሱና ለባለቤቴ ኮል አደረጉ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ወደ ጓዳ ይዘውት ሄዱ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሻዩንም ሳይሰጡኝ ረሱት።

በሚቀጥለው እሑድ ቆምኩ፣ ጋሼ አጠገቤ። ያሁኑ አጭር ነበር። «ባለፈው እሑድ ግማሹን ነው የነገርኳችሁ። ልጄን ከውሃ ያወጣችው እናቱ ናት። እኔ ዋና አልችልም፤ እችላለሁ ብዬ ዋሽቼ ነበር። እንድጠብቀው አደራ የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ፤ ፈርቼ ቆምኩ።» ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ ሲል ሰማሁ፣ ወይም የሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ ጭብጨባ መጣ። መጋቢው «እህታችን ትነሳ» ሲሉ ባለቤቴ ግማሽ ተነስታ ተቀመጠች።

እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። አገልግሎቱ ሲያልቅ ሰው ወደ እኔ ተሰለፈ። «ምን ያለ ድፍረት ነው!» ይሉኛል። «እንዲህ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» አንድ ወንድም ለወንዶች ጉባኤ ስለ እውነተኛነት እንድናገር ጋበዘኝ። በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሬ ባለቤቴን አየኋት፤ ኮት መስቀያው አጠገብ የልጆቹን ጃኬት ታቅፋ ትጠብቀኛለች። ሁለት ሴቶች ቀርበው ውሃው ይቀዘቅዝ እንደነበር ጠየቋት። ከዚያ በላይ የጠየቃት የለም።

መኪና ውስጥ «አሁንም ያመሰገኑት አንተን ነው» አለችና ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚህ ይሆናል ይበልጥ ያመመኝ። በዚያው ዕለት ለዚያ ወንድም ደውዬ የወንዶቹን ጉባኤ እንደማልናገር ነገርኩት። ይኼንንም ትሕትና ነው አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርት አብረን ስንልጥ ዋና የት እንደተማረች ጠየቅኳት። አሥር ዓመት ዘግይቼ መሆኑ ነው። ወንድሞቿ ናቸው ያስተማሯት፤ ከእናቷ ተደብቀው። ሲመለሱ ፀጉሯ እንዳያጋልጣት ፀሐይ ላይ ተኝታ ታደርቀው ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ የአሳ አጥማጆች መረብ ውስጥ ተጠላልፎ እሷ ናት የፈታችው፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ልጆቹ ከሳሎን መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠው ሰሟት። እኔ ያልተሻገርኩትን ሐይቅ ሳወራ ስንት ዓመት እሷ ዝም ብላ ስትሰማኝ እንደኖረች አሰብኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱን ልጆች ወደ መዋኛ ገንዳ የምትወስዳቸው እሷ ናት። እኔ በሌላኛው ጫፍ ከትልልቅ ሰዎች ጋር፣ ከጀማሪዎች ጋር ነኝ። ከእኔ ጋር የሚማሩ አንዲት ቬትናማዊት አሮጊትና አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አሉ። ገና ፊቴን ውሃ ውስጥ ከትቼ እስከ አሥር መቁጠር ነው የቻልኩት። አሮጊቷ በልጠውኛል። ሴት ልጄ አንዳንዴ በገንዳው ጠርዝ ስትሄድ ታየኛለች። ስለ ልጅነቴ አንድ ነገር ሳወራ፣ ምንም ይሁን ምን፣ «ይሄ እውነት ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች። በክፋት አይደለም። ማረጋገጥ ስላለባት ነው። አዎ ስላት ለትንሽ ጊዜ ፊቴን ታያለች።

የሚያስቸግረኝ ወንዱ ነው። አሁን ስድስት ዓመቱ ሆኗል። የዚያን ቀን ነገር ሲያስታውስ የሚመጣለት መጨረሻው ብቻ ነው፤ ደረቴ ላይ ተለጥፎ መውጣቱ፣ የጃኬቴ ዚፕ ጉንጩን መቧጠጡ። ከዚያ በፊት ያለው የለም። በትምህርት ቤቱ ለአስተማሪው «አባቴ ከውቅያኖስ አወጣኝ» ብሎ ነግሯት ልጁን ልወስድ ስሄድ እጄን ጨበጠችኝ። «እናቱ ናት» አልኳት። ልጄ እጄን ይዞ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ኖ ዳዲ፣ አንተ ነህ። አስታውሳለሁ።»

«የወሰድኩህ ከማሚ እጅ ነው። የዋኘችው እሷ ናት።»

«ኦኬ» ይለኛል፤ እንዲህ ሲለኝ ያመነኝ ይመስለኛል። እናቱም አንድ ቀን «ተወው፣ ሲያድግ ይገባዋል» አለችኝ። መተው ግን ለእኔ አይሆንም፤ ከዚህ በፊት ዝም ያልኩት ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ መጥቼ ጫማዬን ሳወልቅ ከመስኮቱ በታች፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ለጎረቤት ልጆች ሲያወራ ሰማሁት። አባቴ በጣም ትልቅ ማዕበል ውስጥ ገብቶ ይላል፤ እጁን ዘርግቶ የማዕበሉን ትልቅነት እያሳያቸው ነው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩና ወደ ታች ወረድኩ።